የሠርግሽን ሜካፕ በራስሽ እጅ፦ ከሦስት ወር በፊት እስከ መልስ

ታላቅ እህቴ ስትዳር ሳሎን የገባችው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስትወጣ ፊቷ የስንዴ ዱቄት፣ አንገቷ ጠይም፣ ጆሮዋ ደግሞ የድሮው የራሷ ጆሮ ሆኖ ወጣ። አክስታችን በር ላይ ቆማ፣ እህቴ ከፊቷ እያለች፣ «ሙሽራዋስ የታለች?» አለች። እስከ ዛሬ የሠርጉ አልበም በተገለጠ ቁጥር ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እህቴ ግን አትስቅም።

እኔ በተራዬ በጥር ስዳር ራሴን በራሴ ተቀባሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት የአጎቴ ልጆችና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እያየሁ፣ በገዛ እጃቸው ተቀብተው ተድረዋል። ባለሙያ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፦ በየቪዲዮው የምናየው የሙሽራ ሜካፕ የታሰበው ለሌላ ዓይነት ሠርግ ነው። የኛን ሙሽራ በአንድ ቀን ሦስት አራት መቶ ሰው ጉንጯን ይስማታል። እሷም የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች፣ ቀይ ወጥ ያራሰውን ጉርሻ ትጎርሳለች፣ ታለቅሳለች፣ እስክስታ ትመታለች። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ይህን ቀን ለሚችል ፊት ነው።

መጀመሪያ፦ ይሄን ነገር ላድርገው ወይስ ልተወው?

እጅሽ ላይ ያለውን ችሎታ በእውነት መዝኚ። አይላይነር ስታሰምሪ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነና ለሠርጉ የቀረሽ ከአንድ ወር በታች ከሆነ፣ ተዪው፤ ዓይን ልኩል ብሎ ማጥፋት ይሆናል። መካከለኛ መንገድም አለ። ፊቱን ራስሽ ሠርተሽ ሽፋሽፍቱን ብቻ እጇ የረጋ ጓደኛሽ ትለጥፍልሽ። ከአጎቴ ልጆች አንዷ እንዲህ ነው ያደረገችው፤ ማንም አላወቀባትም።

ሌላው ጥያቄ የቤቱ ነው። የሠርግ ቀን ጠዋት የሙሽራ ቤት ገበያ ነው። ድስት ይጋጫል፣ ዘመድ ይገባል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሁሉም ሙሽራዋን «ትንሽ ብቻ ልያት» ይላል። በሩ የሚዘጋ፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነ ክፍል ከሌለ ከአሁኑ የጎረቤት ወይም የሚዜሽን ቤት አስቢ።

ሦስት ወር ሲቀረው፦ ቆዳ

ሜካፕ የሚቀመጠው ቆዳ ላይ ስለሆነ ሥራው ከዚህ ይጀምራል። ሦስት ነገር ብቻ በቂ ነው፦ ለስላሳ መታጠቢያ፣ ለቆዳሽ የሚስማማ ማለስለሻ ክሬም፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ኤስፒኤፉ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ መስሎ ፀሐዩ ግን ቆዳ ያጠቁራል። ፊታቸው ላይ ማድያት ያለባቸው ልጆች ሦስት ወር ሙሉ ሰንስክሪን ሲቀቡ ለውጡን ራሳቸው ያዩታል።

አንድ ነገር አደራ። ሠርግ ሲቀርብ «ፊት የሚያጠራ» ክሬም የምትጠቁም ሰው አትጠፋም። ስሙና ይዘቱ በግልጽ ያልተጻፈበት ክሬም ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን የተባለ ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል፣ አንዳንዱም ላይ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊት ያበራል፤ ከዚያ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ስታቆሚው ደግሞ ብጉርና መቅላት ያመጣል። ያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው። የምር የሚያስቸግርሽ ብጉር ወይም ማድያት ካለ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሦስት ወር ቀድመሽ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ የቆዳ ሕክምና ጊዜ ይፈልጋል።

ቅቤ ለሚቀቡም አንድ ቃል። ፀጉርሽን ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ የመጨረሻውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጨርሺው። ቅቤ ወደ ግንባር ይወርዳል፤ ቅባት ባለበት ግንባር ላይ ፋውንዴሽን (የፊትን ቀለም አንድ የሚያደርገው ዋናው ቅብ) ይንሸራተታል እንጂ አይቀመጥም።

ሁለት ወር ሲቀረው፦ ዕቃ ግዢ

ገንዘብሽ ከመቶ ስልሳው ፋውንዴሽኑ ላይ ቢውል አይቆጨኝም። የቀረው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ፋውንዴሽን ግን ሲሳሳት ሁሉም ይሳሳታል።

እኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። ይህ የቆዳው ላይኛ መልክ ነው። ከሥሩ ሌላ ቀለም አለ፦ ወርቃማ ቢጫ፣ ቀላ ያለ፣ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የወይራ መልክ። ሁለት ጠይም ልጆች እኩል ጠይም ሆነው ለአንዷ የሚሆነው ለሌላዋ አመድ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የኛ ልጆች ወደ ቢጫና ወርቃማው ያደላሉ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ያደላል። «ሜካፕ አይስማማኝም» የምትል ልጅ ካጋጠመችሽ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ቀለሙ ነው ያልተስማማት።

እንዴት ትመርጫለሽ? እጅሽ ጀርባ ላይ አትሞክሪው፤ እጅ ከፊት ጋር አንድ ቀለም የለውም። ሦስት የሚቀራረቡ ቀለሞች ውሰጂና ከጉንጭሽ ሥር ወደ አንገትሽ የሚወርድ አጭር አጭር መስመር አሰምሪ። ከዚያ ከሱቁ ውጪ፣ ጥላ ቦታ ላይ፣ መስተዋት ይዘሽ ቁሚ። ወዲያው አትወስኚ፤ ብዙ ፋውንዴሽን አየር ሲነካውና ከቆዳ ቅባት ጋር ሲቀላቀል ይጠቁራል፣ ወይም ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። 20 ደቂቃ ቡና ጠጥተሽ ተመለሺ። የጠፋው መስመር የአንቺ ነው። ፊትሽ መሐሉና ጠርዙ ሁለት ቀለም ከሆነ (ግንባርና የአፍ ዙሪያ ጠቆር ማለቱ እኛ ጋ የተለመደ ነው) መለኪያሽ አንገትሽ ይሁን። ፎቶ ላይ አብረው የሚወጡት ፊትና አንገት ናቸው።

ልክሽ የሆነ ካጣሽ ሁለት ጎረቤት ቀለም ገዝተሽ ቀላቅዪ። ፌንቲ ቢዩቲ የተባለው የውጭ የመዋቢያ ብራንድ በ2017 (እንደ ፈረንጆቹ) በአንድ ጊዜ 40 ቀለም ይዞ ሲወጣ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሴቶች የተደሰቱት በምክንያት ነበር፤ እኛ አገር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን አርባውን ቀርቶ አሥሩንም ማግኘት ከባድ ነው። አስመስለው የተሠሩም ሞልተዋል። የታሸገበት ፕላስቲክ የላላ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ሽታው የቀለም ሽታ የሆነ፣ ዋጋው ደግሞ ለማመን የሚከብድ ከሆነ ተዪው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የሚያመጣልሽ ከሆነ በፎቶ አታስመርጪ፤ እዚህ ራስሽ ላይ የሞከርሽውን የቀለም ቁጥር ላኪላት።

ከፋውንዴሽኑ ሌላ የሚያስፈልግሽ ይህ ነው፦ ፕራይመር (ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባ)፣ ኮንሲለር (ጥቁረትና ጠባሳ የሚሸፍን)፣ ለዓይን ሥር ጥቁረት የሚሆን ማስተካከያ (ለጠይምና ለጥቁር ብርቱካናማ፣ ለቀይ የኮክ ፍሬ ቀለም)፣ ቢጫ የሚያደላ ፓውደር፣ የቅንድብ እርሳስ፣ ቡናማና ወርቃማ ያለበት ትንሽ አይሻዶ፣ አይላይነር፣ ውኃ የማያስለቅቀው ማስካራ፣ ሽፋሽፍት ከነሙጫው፣ ብለሽ (የጉንጭ ቀለም)፣ የከንፈር እርሳስና ሊፒስቲክ፣ ሴቲንግ ስፕሬይ (ሜካፑ እንዲቆይ የሚነፋ)፣ አንድ ስፖንጅ፣ ሦስት አራት ብሩሽ። ኮንቱር (በጠቆረ ቀለም የፊትን ቅርጽ ማውጣት) ይቅርብሽ። በሦስት ወር የማይለመድና ስህተቱ ከሩቅ የሚታይ ነገር እሱ ነው።

ፕራይመርና ፋውንዴሽን ስትገዢ የሁለቱንም ጀርባ አንብቢ። መጀመሪያ ላይ በተጻፉት ቅመሞች ውስጥ «ኮን» ብሎ የሚጨርስ ስም (ዳይሜቲኮን ዋናው ነው) ካለ መሠረቱ ሲሊኮን ነው። ከሌለና ውኃ ከቀደመ፣ መሠረቱ ውኃ ነው። አንዱ የሲሊኮን፣ አንዱ የውኃ ሲሆን ብዙ ጊዜ ፊት ላይ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይንከባለላል።

ኩልን በተመለከተ፦ የእናቶቻችን ኩል ባህል ነው፣ አልጣላውም። ነገር ግን በብዙ አገር በባህላዊ ኩል ላይ በተደረገ ምርመራ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ተገኝቶበታል፤ አሜሪካም በመዋቢያነት አትፈቅደውም። ከየት እንደመጣ ከማታውቂው ዱቄት ይልቅ ይዘቱ የተጻፈበት ጥቁር የዓይን እርሳስ ያንኑ መልክ ይሰጥሻል።

አንድ ወር ሲቀረው፦ ልምምድ በሰው ሠርግ

ቢያንስ አራት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀቢ። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅብሻል፤ አራተኛው ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ይወርዳል። ሰዓት ያዢ፣ ጻፊው።

ከአራቱ አንዱን የምታደርጊው ግን ቤት አይደለም። በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ባለው ጊዜ የማይጠራሽ ሠርግ የለም። የሙሽራ ሜካፕሽን፣ ትንሽ ቀለል አድርገሽ፣ ተቀብተሽ ወደዚያ ሂጂ። ሳሚ፣ ተሳሚ፣ ብዪ፣ ጨፍሪ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤትሽ ገብተሽ መስተዋት ፊት ቁሚና የቱ እንደፈረሰ መዝግቢ። የኔ ግራ ጉንጭ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ነበር፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ሁልጊዜ በግራ እንደሚጀምር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የሠርጌ ቀን በግራ በኩል ፋውንዴሽኑን አሳስቼ ሁለት ጊዜ አደረቅሁት።

በየልምምዱ ሦስት ፎቶ ተነሺ፦ መስኮት አጠገብ፣ ማታ በአምፖል፣ ማታ በፍላሽ። በፍላሹ ፎቶ ፊትሽ ነጭ ሆኖ ከወጣ ጥፋተኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ነው፤ ሌላው ሲሊካ የበዛበት ነጭ ፓውደር። ለሠርጉ ቀን ሁለቱንም ቀይሪ። ቬሎሽ ነጭ ስለሆነ ነጭ ጨርቅ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽም ተመልከቺ፤ ነጭ ልብስ ፊት ላይ ብርሃን ይመልሳል፣ የደበዘዘ ብለሽንም ይበላዋል።

የመጨረሻው ሳምንት

ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር የለም። አዲስ ክሬም፣ አዲስ ፌሻል፣ «ይሄን እኮ አልሞከርሽም» የተባለ ሁሉ ይቆይሽ።

የሽፋሽፍት ሙጫሽን ከሠርጉ ሳምንት በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ትንሽ ቀቢና ሁለት ቀን ጠብቂ፤ ካሳከከሽ ሙጫውን ለውጪ። ቅንድብሽን በክር የምታስተካክዪ ከሆነ ሦስት ቀን ሲቀረው አድርጊው። ዋዜማውን ማታ ከሆነ መቅላቱ አብሮሽ ያድራል። ከንፈርሽን ማታ ማታ ቫዝሊን እየቀባሽ ተኚ፤ በጥር የአዲስ አበባ ደረቅ ነፋስ የሰነጠቀውን ከንፈር የትኛውም ሊፒስቲክ አይደብቀውም።

እንሶስላ የምትሞቂ ወይም ሂና የምትቀቢ ከሆነ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ጨርሺ። «ጥቁር ሂና» እየተባለ በአንድ ሰዓት ከሰል መስሎ የሚጠቁረውን ግን ሽሺ። ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣባቸው ሰዎች አሉ።

ዋዜማውን ማታ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፊና ዕቃሽን ከግራ ወደ ቀኝ በምትጠቀሚበት ቅደም ተከተል ደርድሪ። እርሳሶቹን ቅረጪ። ሽፋሽፍቱን ከዓይንሽ ጋር ለክተሽ ትርፉን ከውጪው ጫፍ ቁረጪ። ብሩሾቹን ቀድመሽ አጥበሽ ማድረቅሽን አትርሺ። ቻርጅ የሚደረግ ነጭ መብራት ቻርጅ አድርገሽ አስቀምጪ፤ መብራት ኃይል የአንቺን ሠርግ አይቶ አያዝንም። ቢጫ አምፖል ግን አይሆንም፤ በቢጫ ብርሃን የተቀባ ፊት ውጪ ሲወጣ ሁልጊዜ በዝቶ ይገኛል።

የሠርጉ ጠዋት

ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠሪ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል እንበል። ካሜራማኖቹ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጨረስ አለብሽ። በልምምድ አንድ ሰዓት ከሩብ ከፈጀብሽ ለዛሬ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ያዢለት፤ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ አንዱ በር ያንኳኳል። በጥር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ መታጠቡንና ክሬሙን በመብራት ጨርሰሽ ለቀለሙ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይመቻል። ፀጉርሽ ቀድሞ ይለቅ፤ የካስክ ሙቀት ሜካፕ ያቀልጣል። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ልበሺ፣ በአንገት የሚወልቅ ልብስ አይሁን። ቁርስም አሁን ብዪ።

አንደኛ፣ ቆዳ። ፊትሽን ታጠቢ፣ ክሬም ቀቢ፣ ከንፈርሽን ቫዝሊን አድርጊና 10 ደቂቃ ተቀመጪ። ይህችን 10 ደቂቃ የሚዘሉ ሰዎች ናቸው «ፋውንዴሽኑ አልይዝ አለኝ» የሚሉት። ከዚያ ፕራይመሩን ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ፣ በስሱ።

ሁለተኛ፣ ዓይን፤ ከፊት ቀድሞ። የአይሻዶ ብናኝ ጉንጭ ላይ ቢወድቅ ጠርገሽው ትቀጥያለሽ፤ ፋውንዴሽን ላይ ከወደቀ ግን ያቆሽሸዋል። የዓይን ቆብሽ ላይ ትንሽ ኮንሲለር አድርገሽ አድርቂው። ከቆዳሽ በትንሹ የጠቆረ፣ የማያብረቀርቅ ቡናማ በዓይን ጉድጓዱ እጥፋት ላይ ወደ ውጪ እየጠረግሽ አስኪጂ፤ መሐል ቆብ ላይ ወርቃማ በጣትሽ ተጫኚ። በቃ። የኛ ልጆች ዓይን ትልቅ ነው፤ አራት ቀለም ሲደረድሩበት ዓይኑ ይጠፋና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። አይላይነሩን ከመሐል ወደ ውጪ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ መሐል በቁርጥራጭ መስመር ሥሪ፤ በአንድ እስትንፋስ ለመጨረስ አትሞክሪ። ከተበላሸ የጆሮ ጥጥ በማጽጃ አርጥበሽ ጠርዙን አስተካክዪ።

ሽፋሽፍት ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን ለጥፊ፣ በውጪው በኩል ብቻ። ስታለቅሺ መጀመሪያ የሚነሳው የውስጠኛው ጫፍ ነው። ሙጫውን ከቀባሽ በኋላ 30 ሰከንድ ያህል ቆይተሽ፣ መጣበቅ ሲጀምር፣ ወደ ታች እያየሽ በወረንጦ አስቀምጪው። የታችኛው ሽፋሽፍትሽ ላይ ማስካራ አታድርጊ።

ሦስተኛ፣ ፊት። የዓይን ሥር ጥቁረትና የአፍ ዙሪያ ላይ ብርቱካናማውን እንደ ምስር ፍሬ ያህል ብቻ ነካ ነካ አድርጊና በጣትሽ ሙቀት አስተካክዪ። ፋውንዴሽኑን እጅሽ ጀርባ ላይ አፍስሺ፣ በረጠበና በተጨመቀ ስፖንጅ ከፊትሽ መሐል ወደ ጠርዝ እየደቆስሽ አዳርሺ። «እየደቆስሽ» ስል መምታት እንጂ መጥረግ ማለቴ አይደለም። አንድ ስስ ድርብ፤ አይተሽ፣ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ሌላ ስስ ድርብ። ወፍራም ፋውንዴሽን በመጀመሪያዋ አክስት መሳም ይላጣል፣ ስሱ ግን ይቆያል። ስፖንጁ ላይ የቀረውን ወደ አንገትሽ፣ ወደ ጆሮሽ፣ ቬሎሽ ደረቱ ክፍት ከሆነም ወደዚያ አውርጂው። የእህቴን ጆሮ አስታውሺ።

ኮንሲለሩ ከዓይን ሥር በሦስት ማዕዘን፣ ከፋውንዴሽንሽ ከአንድ ደረጃ በላይ ያልነጣ። ከዚያ ፓውደር። እዚህ ላይ ሠርግሽ የት እንደሆነ ይወስናል። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ በጥር ከሆነ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ፓውደር ግንባር፣ አፍንጫና ዓይን ሥር ብቻ በፓፍ ተጫኚ፤ ጉንጩን ካደረቅሽው እኩለ ቀን ላይ ይሰነጣጠቃል። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ከሆነ ሙሉ ፊት ያስፈልገዋል። ዋሽንግተን አካባቢ በበጋቸው ወር የምትዳሪም እንደ ድሬዳዋዋ ሙሽራ ተዘጋጂ፤ የዚያ አገር ወበቅ ቀላል አይደለም።

አራተኛ፣ ቅንድብ። ከታችኛው ጠርዝ ጀምረሽ አጫጭር የፀጉር መስመር የሚመስል ጭረት አድርጊ፣ ከዚያ በብሩሽ ወደ ላይ ጥረጊው። የውስጠኛው ጫፍ ሁልጊዜ ከውጪው ይቅለል። ሁለቱ እህትማማች ይምሰሉ እንጂ መንታ ይሁኑ ብለሽ አትታገዪ።

አምስተኛ፣ ጉንጭ። ክሬም ብለሽ ቀድሞ፣ በላዩ ተመሳሳይ ቀለም ያለው የዱቄት ብለሽ። ሁለት ድርብ ስለሆነ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀራል። ቦታው ከጉንጭሽ አጥንት ላይኛው ጫፍ ወደ ጆሮ ግንድ ይሁን፤ ሰው የሚስመው ዝቅ ብሎ ስለሆነ ከፍ ያለው ይተርፋል። ለጠይምና ለጥቁር ሞቅ ያለ የጡብ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ያምራል፤ ፈዛዛ ሮዝ አመድ ይሆናል።

ስድስተኛ፣ ከንፈር። ቫዝሊኑን በሶፍት አንሺ። ሙሉ ከንፈርሽን ከራሱ ጠርዝ ጋር በሚሄድ ቡናማ እርሳስ ሙዪ። ሊፒስቲክ ቀቢ፣ ሶፍት ነክሰሽ አንሺ፣ ድገሚ። ከከንፈርሽ ቀለም ብዙ የማይርቅ ምረጪ፤ ሲለቅ አያስታውቅም። አብረቅራቂ ሊፕ ግሎስ ተዪ፦ ፀጉር ይጣበቅበታል፣ ዓይነ ርግብሽ ይጣበቅበታል፣ የአያትሽ ነጠላም ይጣበቅበታል።

መጨረሻ ላይ ስፕሬዩን ከክንድ ርቀት ሁለት ጊዜ ነፍተሽ ሳትነኪ አድርቂው። ቬሎውን ስትለብሺ ፊትሽ ላይ ስስ ሻሽ ጣል አድርጊ።

ቤተ ክርስቲያን ወይም ኒካህ ካለሽ

በተክሊል የምትጋቢና የምትቆርቢ ከሆነ ጉዳዩን ቀድመሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ሊፒስቲክ ተቀብቶ መቁረብም መስቀል መሳለምም አይገባም፤ ጾመሽ ስለምታነጊ ከንፈርሽም ይደርቃል። ብዙዎች ጠዋት ባዶ ፊታቸውን ሄደው ከሥርዓቱ በኋላ ይቀባሉ። ያኔ የሚኖርሽ 40 ደቂቃ ቢሆን ነውና ለዚያ የሚሆን አጭር ሜካፕ ለይተሽ ተለማመጂ፦ ፋውንዴሽን፣ ቅንድብ፣ አይላይነር፣ ብለሽ፣ ከንፈር።

ሙስሊም ሙሽራ ከሆንሽ ውዱእ አድርገሽ ሜካፑን ጀምሪ፣ የሶላትሽንም ሰዓት ከሜካፑ ሰዓት ጋር አስተያዪው። ውኃ የማያስለቅቀው ማስካራና የጥፍር ቀለም ውኃ ወደ አካል እንዳይደርስ ስለሚከለክሉ ቀድሞ ማሰብ ይሻላል። ሂጃብሽ የሚያርፍበት የግንባርና የአገጭ ጠርዝ ላይ ፋውንዴሽኑን አሳስተሽ በፓውደር አድርቂው።

በቀኑ ውስጥ፦ የሚዜሽ ቦርሳ

አንዷን ሚዜ የፊትሽ ኃላፊ አድርጊያት። ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍት፣ ንጹሕ ስፖንጅ፣ ትንሽ ኮንሲለር፣ ፓውደር ከነፓፉ፣ የከንፈር እርሳስና ሊፒስቲክ፣ የሽፋሽፍት ሙጫ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ትንሽ ስፕሬይ ይኑር።

ምርቃቱ ላይ ማልቀስሽ አይቀርም፣ አታፍኚው። እንባውን ወደ ጎን አትጥረጊ፤ ሶፍቱን አጥፈሽ፣ ወደ ላይ እያየሽ፣ ከዓይንሽ ሥር ተጫኚና አንሺ። ጉልበት ከመሳምሽ በፊት ደግሞ በከንፈርሽ አንድ ጊዜ ሶፍት ንከሺ።

ከመሳሙ ሰልፍ በኋላ ጉንጭሽ ላይ የሌላ ሰው ሊፒስቲክ ታገኚያለሽ። በላዩ ኮንሲለር አትደርቢበት፣ ሮዝ ይሆናል። ስፖንጁ ላይ ስፕሬይ ነፍተሽ መጀመሪያ ቀለሙን አንሺ፣ ከዚያ በኮንሲለር ነካ ነካ።

ጉርሻ በቅቤና በዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ የማይለቅ የተባለውን ሊፒስቲክ ሁሉ ያስለቅቃል። ከምሳ በኋላ በቀረው ላይ አትደርቢ። ሁሉንም በሶፍት ጠርገሽ ከእርሳሱ ጀምሪ። ሁለት ደቂቃ ነው። ጭፈራው ሲጀመር ደግሞ ላብ ላይ ፓውደር አይደረግም፤ መጀመሪያ ሶፍት ተጫኚ፣ ላቡ ሲነሳ ፓውደር። ተቃራኒው ሊጥ ነው።

ማታ እና መልስ

የፈለገ ቢደክምሽ ሜካፑን ይዘሽ አትተኚ፤ ነገ መልስ አለ። የሽፋሽፍቱን ሙጫ በዘይት በራሰ ጥጥ ግማሽ ደቂቃ ያዢው፣ ራሱ ይለቃል፤ አትጎትቺ። ፊቱን በዘይት ወይም በማጽጃ ቅባት አሟሺና ከዚያ በመታጠቢያው ታጠቢ፣ ክሬም ቀቢ።

ጠዋት ዓይንሽ ካበጠ ማንኪያ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽ ጀርባውን ከዓይንሽ ሥር አሳርፊ። የመልስ ፊት ከሠርጉ በግማሽ ይቅለል። ሹሩባ፣ የሀገር ልብስ ከነጥልፉ፣ ካባ፣ ወርቅ እያለ ፊቱም ከተጫነ ሙሽሪት ከጌጧ ሥር ትጠፋለች። ፋውንዴሽን አንድ ስስ ድርብ፣ ቅንድብ፣ ጥቁር የዓይን እርሳስ፣ ቀላ ያለ ከንፈር። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የእናትሽ ነጠላና የአባትሽ ሱሪ ጉልበት ላይ ፋውንዴሽን መቅረቱ አይቀርም። ዝም ብሎ እንዳይታጠብ፣ ካውያም እንዳይነካው ንገሪያቸው። ቦታው ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገሽ 15 ደቂቃ አቆዪው፣ በጣትሽ ከዳር ወደ መሐል ነካ ነካ አድርጊና በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቂው። ካልለቀቀ ፀሐይ ላይ ሳይሰጣ እንደገና ድገሚ።